አየሩን የረሱ የሰርጓጅ መርከብ ፊልሞች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በመዝናኛ ዓምዳችሁ ስለ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ፊልሞች የወጣውን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብሁት። ጸሐፊው ፊልሞቹን ወደው እንዳዩአቸው ያስታውቃል፣ ምርጫቸውም ደህና ነው። ያልተስማማሁበት ሁሉንም በአንድነት አስቀምጠው የመርከበኞችን ኑሮ በትክክል ያሳያሉ ማለታቸው ነው። ከፊልሞቹ መካከል በብርቱ ጥንቃቄ የተሠራ አለ፤ ታሪኩን የገለበጠም አለ። አብዛኞቹ ግን አንድ ስሕተት ይጋራሉ፦ አደጋውን ሁሉ ከውጭ፣ ከጠላት በኩል ያመጡታል። በወታደራዊ ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ያለ ሰው ሌት ተቀን የሚታገለው ግን ከክብደት፣ ከድምፅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአየር ጋር ነው። በሰላም ጊዜ በየባሕሩ የቀሩትን መርከበኞች የገደላቸውም ጠላት ሳይሆን ይኸው ነው። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ብጽፍ አንባቢ ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ። የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መስመጡን እንውሰድ። በፊልም አዛዡ ትእዛዝ ይሰጣል፣ ደወል ይጮኻል፣ መርከቡ በአፍንጫው ይደፋል፣ ሰዎቹ ቧንቧ ይዘው ይንጠለጠላሉ። በተግባር የመርከቡ ዋና ዋና የባላስት ታንኮች ከሥራቸው ክፍት ናቸው፤ ውኃ እንዳይሞላባቸው የሚከለክለው በውስጣቸው የታፈነው አየር ነው። አናታቸው ላይ ያሉት ቫልቮች ሲከፈቱ አየሩ በኃይል ይወጣል፣ ውኃው ከሥር ይገባል፣ መርከቡም ይሰምጣል። ይህ የሥራው ቀላል ክፍል ነው። ከባዱ ከዚያ ወዲያ መርከቡን በተፈለገው ጥልቀት ላይ ማቆየት ነው። ለዚህ ከፊት፣ ከመሐልና ከኋላ ሌሎች ትንንሽ የሚዛን ታንኮች አሉ። ተረኛው መኮንን በፓምፕ ውኃ ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውራል፣ ከባሕር ያስገባል፣ ወደ ባሕር ይመልሳል።

ሒሳቡ ፋታ አይሰጥም። 8,000 ቶን የሚመዝን ሰርጓጅ ጨዋማነቱ ቀነስ ወዳለ ውኃ ሲገባ፣ የውኃው እፍጋት ከሺህ አንድ እጅ ብቻ ቢጎድል እንኳ፣ መርከቡ 8 ቶን ያህል እንደተጫነበት ሆኖ መውረድ ይጀምራል። ትልቅ ወንዝ ባሕር በሚገባበት ወይም በረዶ በሚቀልጥበት ስፍራ ይህ ዘወትር ያጋጥማል። ወደ ጥልቁ ሲወርድ ደግሞ ግፊቱ ቀፎውን፣ የመርከቡን የብረት አካል፣ ስለሚጨምቀው መርከቡ የሚገፋው ውኃ ያንሳል፣ አሁንም ይከብዳል። የሚበላው ምግብ፣ የሚቃጠለው ናፍጣ፣ የሚጣለው ቆሻሻ ሁሉ በሒሳቡ ይገባል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ቶርፔዶ፣ ማለት በውኃ ውስጥ ተጉዞ መርከብ የሚመታው ፈንጂ፣ ክብደቱ 1.5 ቶን ያህል ነበር፤ ሁለት ሦስት በተከታታይ ሲተኮስ የሚዛኑ ኃላፊ ፈጥኖ ውኃ ካላስገባ የመርከቡ አፍንጫ ተነሥቶ ጠላት ፊት ብቅ ይል ነበር። ፊልሞች ከዚህ ሁሉ አንዱን በትክክል አሳይተዋል፤ በአስቸኳይ ሲሰመጥ ሥራ ያልያዘ ሰው ሁሉ በጠባቡ መተላለፊያ ወደ ፊተኛው ክፍል ሮጦ የሚከመርበትን። ያ ለትዕይንት የተፈጠረ አይደለም። የሰዎቹ ክብደት አፍንጫውን እንዲደፋ በእርግጥ ይሠራበት ነበር፤ የሠለጠነ ቡድንም መርከቡን በ30 ሴኮንድ አካባቢ ከውኃው ገጽ ይሰውረው ነበር።

አሁን ወደ አየሩ ልምጣ፤ ፊልሞች አብዝተው የዘነጉት እርሱን ነው። አንድ ሰው በቀን 600 ሊትር ገደማ ኦክስጅን ይፈጃል፣ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይተነፍሳል። ከመቶ በላይ ሰው ለሁለትና ሦስት ወር ታሽጎ ሲኖር ይህ ሁሉ በመሣሪያ መተካትና መወገድ አለበት። በኒውክሌር ኃይል የሚሠራ ሰርጓጅ ኦክስጅኑን የሚያገኘው ከባሕሩ ነው። ውኃው ከጨው ይጣራል፣ ከዚያ በኤሌክትሪክ ተከፍሎ ኦክስጅኑ ለሰዎቹ ይቀራል፣ ሃይድሮጅኑ ወደ ባሕር ይጣላል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ለመያዝ አየሩን ሞኖኤታኖላሚን በሚባል ፈሳሽ ያሳልፉታል። ቀዝቃዛው ፈሳሽ ጋዙን ይይዛል፤ ሲሞቅ ይለቀዋል፤ የተለቀቀው ጋዝ ታምቆ ወደ ውጭ ይባረራል፤ ፈሳሹም ቀዝቅዞ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከባትሪና ከማብሰያ የሚወጡትን ሃይድሮጅንና ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚያቃጥል ሌላ መሣሪያ ደግሞ አለ።

ይህ ሁሉ እየተሠራም አየሩ እንደ ውጭው አይሆንም። በውጭው አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን እጅ 400 ትንሽ አለፍ ሲል፣ በአሜሪካ ኒውክሌር ሰርጓጆች ውስጥ የተለካው አማካይ 3,500 ገደማ ነው። ኦክስጅኑ ሆን ተብሎ ከ21 በመቶ ዝቅ ተደርጎ ይያዛል፤ እሳት በቀላሉ እንዳይቀጣጠል። የሞኖኤታኖላሚኑ ሽታ ከማሽን ዘይትና ከጥብስ ዘይት ጋር ተደባልቆ ልብስና ፀጉር ውስጥ ይሰርጻል፤ ቤተሰብ ከጉዞ የተመለሰውን መርከበኛ በዚያ ሽታ ያውቀዋል። መርከቡ ከመውጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ቀለም መቀባት አይፈቀድም፣ ትነቱ የሚሄድበት የለውምና። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በሰርጓጆቹ ውስጥ ሲጋራ ማጨስን ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ ከልክሏል። እስቲ አንባቢ ያስታውስ፤ አንድ መርከበኛ አየር ሲለካ የሚታይበት ፊልም የትኛው ነው? ይህ ሥራ በየፈረቃው የሚደረግ፣ የመቶ ሰው ሕይወት ያለበት ሥራ ነው።

መሣሪያው ሲበላሽ መጠባበቂያው የኦክስጅን ሻማ ነው። በሶዲየም ክሎሬት የተሠራ ድፍን በርሜል መሳይ ነገር ሲሆን ሲለኮስ ኦክስጅን ያመነጫል፤ በአሜሪካ መርከቦች ያለው አንዱ ሻማ ለመቶ ያህል ሰው የአንድ ሰዓት ትንፋሽ ይሰጣል። ነገር ግን ዘይት ከነካው ይፈነዳል። በማርች 2007 «ታየርለስ» የተባለው የብሪታኒያ ሰርጓጅ በአርክቲክ በረዶ ሥር ሳለ አንድ ሻማ ፈንድቶ ሁለት መርከበኞች ሞተዋል። ጠላት በአካባቢው አልነበረም፤ ገዳያቸው አየር ሊሰጣቸው የተዘጋጀው ዕቃ ነው።

የኩርስክም መጨረሻ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ኦገስት 12 ቀን 2000 በባሬንትስ ባሕር የሩሲያው ኩርስክ ውስጥ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚሠራ የልምምድ ቶርፔዶ ፈነዳ፤ ሁለት ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ሌሎቹ የጦር ዕቃዎች ተከትለው ፈንድተው የፊተኛውን ክፍል በሙሉ አፈራረሱት። ከ118 ሰዎች 23ቱ ወደ ዘጠነኛው፣ ወደ መጨረሻው ክፍል ሸሽተው ተረፉ። ከእነርሱ አንዱ የነበረው መኮንን ዲሚትሪ ኮሌስኒኮቭ የተራፊዎቹን ቁጥር በወረቀት ጽፎ ትቷል። መርከቡ የተኛው 108 ሜትር ላይ ብቻ ነበር። እነዚያ ሰዎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዘው ኦክስጅን የሚሰጡ የአየር ማደሻ ሰሌዳዎች ነበሯቸው፤ አንዱ ሰሌዳ ዘይት ያለበት ውኃ ነክቶት እሳት ፈጠረ፣ እሳቱም የቀረውን ኦክስጅን በላ። ስለ ኩርስክ በ2018 የተሠራውን ፊልም ያየ ሰው የመንግሥትን መዘግየት አይቶ ይቆጣል፣ ቁጣውም ተገቢ ነው። ግን ያቺን ሰሌዳና ያንን ዘይት ካላስተዋለ ዋናው ነገር አልፎታል።

በናፍጣና በባትሪ የሚሠሩት የቀድሞ ሰርጓጆች ኑሯቸው ከዚህ የባሰ ነበር። ባትሪ ለመሙላት ሞተሩን ማስነሣት፣ ሞተሩን ለማስነሣት አየር ማግኘት ግድ ነው። ስለዚህ ወይ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ወይ ስኖርክል የሚባለውን የአየር ቧንቧ ከውኃው በላይ ያወጣሉ። ማዕበል የቧንቧውን አፍ ሲሸፍነው ክዳኑ በራሱ ይዘጋል፤ ሞተሩ ግን መሳቡን ስለማያቆም አየሩን ከሰዎቹ ክፍል ይጎትታል። ጆሮ በቅጽበት ይታመማል፣ ክዳኑ ሲከፈት ደግሞ ግፊቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ባሕሩ ሸካራ በሆነበት ሌሊት ይህ ለሰዓታት ይደጋገማል። የተኛ ሰው የሚተኛው በዚህ መሐል ነው። ከባትሪው የሚወጣው ሃይድሮጅን ይፈነዳል፤ የባሕር ውኃ ባትሪው ላይ ከደረሰ የሚወጣው ክሎሪን ይመርዛል። አንድም ፊልም የስኖርክሉን የጆሮ ሕመም ሲያሳይ አላየሁም፤ ለድምፅ ባለሙያ ግን ከፍንዳታ የበለጠ ዕድል የሚሰጥ ነገር ነበር።

ሙቀቱን ልጨምር። ኦክቶበር 27 ቀን 1962 በኩባ የሚሳይል ቀውስ መካከል ቢ-59 የተባለው የሶቪየት ናፍጣ ሰርጓጅ በአሜሪካ መርከቦች ተከቦ ነበር። ለሰሜኑ ቀዝቃዛ ባሕር የተሠራ መርከብ በአትላንቲክ ሞቃት ውኃ ሲሠራ ውስጡ ከ45 ዲግሪ ሴልሲየስ አልፎ ነበር፤ የመጠጥ ውኃ በራሽን ነበር፤ ባትሪው ሊያልቅ ደርሶ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ተጠራቅሞ ሰዎች ይወድቁ ነበር። በኋላ በወጡት የምስክርነት ቃሎች መሠረት አዛዡ ቫለንቲን ሳቪትስኪ ኒውክሌር ቶርፔዶውን ለማዘጋጀት አዝዞ ነበር፤ በመርከቡ ላይ የነበረው ሌላው ከፍተኛ መኮንን ቫሲሊ አርኪፖቭ አልስማማም ብሎ አረጋጋው፣ መርከቡም ወደ ላይ ወጣ። ውሳኔ የሚሰጥ አእምሮ ምን ዓይነት አየር ይተነፍስ እንደነበር ሳይነገር ይህን ታሪክ መናገር አይቻልም። በ1995 የወጣው «ክሪምሰን ታይድ» አዛዡንና ምክትሉን በሚሳይል ትእዛዝ ላይ ያጋጫል፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የመርከብ ላይ አመፅን ስለሚያሳይ እንዲሠራ ሊረዳ አልፈቀደም። የጭቅጭቁ መሠረት እውነት አለው፤ አዛዡ ብቻውን ሚሳይል አይተኩስም፣ የሌላ መኮንን ስምምነትም የወግ ብቻ አይደለም። ነገር ግን የፊልሙ ሰዎች በሰፊና ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ በንጹሕ ሸሚዝ፣ በሙሉ ድምፅ ይከራከራሉ። የቢ-59 ሰዎች ክርክር እንዲያ ሊሆን አይችልም ነበር።

ስለ ድምፅ ፊልሞች ከሁሉ አብልጠው ያጠፋሉ። በየፊልሙ «ቲንግ... ቲንግ» የሚለው የሶናር ምት አይቋረጥም። ሶናር ሁለት ዓይነት ነው፤ ድምፅ ልኮ ማሚቶውን የሚጠብቅ አለ፣ ዝም ብሎ የሚያዳምጥም አለ። ሰርጓጅ መርከብ ዕድሜ ልኩን የሚሠራው በማዳመጡ ነው። ድምፅ የላከ መርከብ ያለበትን ስፍራ ለሁሉም ነግሯል፤ ማሚቶው ደርሶ እስኪመለስ ድረስ እጥፍ መንገድ ስለሚሄድም ጠላት እርሱ ከሚሰማው በጣም ርቆ ይሰማዋል። ስለዚህ ምት መላክ ብርቅ ነው፤ የሚደረገውም ብዙውን ጊዜ ከመተኮስ በፊት ርቀቱን ለማረጋገጥ ነው። የውኃው ሙቀት በጥልቀት ሲለዋወጥ ድምፅ ስለሚጎብጥ ሙቀቱ ከሚለወጥበት ንብርብር ሥር መደበቅ ይቻላል። መርከቡ ከራሱ ፕሮፔለር ኋላ ያለውን አይሰማም፤ ስለዚህ አልፎ አልፎ ዞር ብሎ ያዳምጣል። «ዘ ሀንት ፎር ሬድ ኦክቶበር» ይህን ዞሮ ማዳመጥ ስላሳየ ሊመሰገን ይገባዋል።

ጸጥታ ሲታዘዝ የሚሆነው ፊልም እንደሚያሳየው በላብ ተጠምቆ ጣሪያ ማየት ብቻ አይደለም። የልብስ ማጠቢያው ይቆማል፣ የማያስፈልጉ ማራገቢያዎችና ፓምፖች ይጠፋሉ፣ ተረኛ ያልሆነ ሁሉ አልጋው ላይ ይወጣል፣ ወጥ ቤት ድስት አይጋጭም። የሚሠሩት ማሽኖች ድምፃቸው ወደ ቀፎው እንዳይተላለፍ በጎማ ላይ ተተክለዋል። አንድ መፍቻ ከእጅ አምልጦ ወለሉን ቢመታ ድምፁ በውኃው ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ይጓዛል። ፕሮፔለሩ ከመጠን በላይ ቢፈጥን ውኃው አረፋ ይሠራል፣ አረፋው ሲፈርስ የሚሰማው ድምፅ መርከቡን ያሳጣዋል፤ ስለዚህ ማምለጥ የሚፈልግ ሰርጓጅ ብዙውን ጊዜ ቀስ ይላል። በ2020 በወጣው «ግሬይሃውንድ» የጀርመን ሰርጓጅ አዛዥ በሬዲዮ ገብቶ በጠላቱ ላይ ሲዝት ይሰማል። ይህ አልነበረም። ጀርመኖቹ በሬዲዮ የሚልኩት አጭር፣ በምስጢር የተጻፈ መልእክት ነበር፤ ያም ሆኖ ጠላቶቻቸው የሬዲዮውን አቅጣጫ የሚለይ መሣሪያ ስለነበራቸው ብዙ ሰርጓጅ በገዛ መልእክቱ ተገኝቷል።

ቀዩ መብራትም ከዚሁ ጋር ይነሣ። ፊልም ውጊያ ሲመጣ ቀይ ያበራል። ቀይ መብራት ይበራ የነበረው ሌሊት በፔሪስኮፕ፣ ከውኃው በላይ በሚያሳየው ረጅም መነጽር፣ ሊያይ የሚወጣው ሰው ዓይኑ ጨለማውን እንዲለምድ ነው፤ ከውጊያ ጋር ግንኙነት የለውም። እንደ አሜሪካው ቨርጂኒያና እንደ ብሪታኒያው አስቲዩት ባሉት አዳዲስ መርከቦች ደግሞ በዓይን የሚታይበት ፔሪስኮፕ ቀርቶ ካሜራ የተሸከመ ምሰሶ ምስሉን ወደ ስክሪን ያወርዳል።

መስኮት የለም። ፊልም መርከቡን በሰማያዊ ብርሃን ውስጥ ሲንሳፈፍ ያሳየናል፤ ውስጥ ያሉት ግን የሚያምኑት ካርታቸውን ብቻ ነው። ጃንዋሪ 8 ቀን 2005 «ሳን ፍራንሲስኮ» የተባለው የአሜሪካ ሰርጓጅ ከጉዋም ደቡብ በሙሉ ፍጥነት ሲጓዝ ከባሕር ውስጥ ተራራ ጋር ተጋጨ፤ አንድ ሰው ሞተ፣ 98 ቆሰሉ። ይጠቀሙበት የነበረው ካርታ ተራራውን አላሳየም፤ መርከቡ ላይ የነበሩ ሌሎች ካርታዎች ግን በአካባቢው አደጋ መኖሩን ይጠቁሙ ነበር፣ ሳይመሳከሩ ቀሩ።

ኑሮው ራሱ ምን ይመስላል? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመኑ «ዓይነት ሰባት-ሲ» ሰርጓጅ ርዝመቱ 67 ሜትር ነበር፤ በውስጡ 44 እስከ 52 ሰው፣ 14 ቶርፔዶና ሁለት ሽንት ቤት። ጉዞው ሲጀመር አንደኛው ሽንት ቤት በምግብ ይሞላ ስለነበር ለሃምሳ ሰው የሚቀረው አንድ ነው። አልጋው ሳይቀዘቅዝ ተረኛው ሲነሣ ሌላው ይተኛበታል። በዘመናዊ መርከብም ሦስት ሰው ሁለት አልጋ የሚካፈልበት አለ፤ አልጋው ሦስት ደርብ ስለሆነ የተኛ ሰው ቀና ብሎ መቀመጥ አይችልም። አሜሪካኖቹ ለብዙ ዓመታት ቀኑን 18 ሰዓት አድርገው ይሠሩ ነበር፤ 6 ሰዓት ተረኝነት፣ 12 ሰዓት ለጥገና፣ ለትምህርትና ለእንቅልፍ። ሰውነት ግን 18 ሰዓት አይለምድም። ድካሙ ስሕተት እያመጣ መሆኑ ሲታወቅ ከ2014 ገደማ ጀምሮ ወደ 24 ሰዓት ቀን መመለስ ጀመሩ። ፊልም ውስጥ የሚደክመው ሰው ከውጊያ በኋላ ነው፤ በእውነቱ ድካሙ ከመጀመሪያው ሳምንት ይጀምራል፣ ከውጊያም ጋር አይያያዝም።

ኒውክሌር መርከብን ወደ ወደብ የሚመልሰው ነዳጅ ሳይሆን ምግብ ነው። ሲወጡ መጋዘኑ ስለማይበቃ ቆርቆሮዎቹ በመተላለፊያው ወለል ላይ ይደረደሩና ሰው በላያቸው ይረማመዳል፤ እየተበላ ሲሄድ ወለሉ ዝቅ ይላል። አትክልትና ወተት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያልቃሉ። በየስድስት ሰዓቱ ይበላል፣ እኩለ ሌሊትም ጭምር። ገላ መታጠብ ሰውነትን ማርጠብ፣ ውኃውን ዘግቶ ሳሙና መምታት፣ ከፍቶ መለቅለቅ ነው። ቆሻሻው ታምቆ፣ እንዲሰምጥ ክብደት ተጨምሮበት በብረት ቆርቆሮ ወደ ታች ይለቀቃል። ከቤተሰብ የሚመጣው ዜና አንድ ወገን ብቻ ነው፤ በብሪታኒያ ሰርጓጆች ሳምንታዊው መልእክት 120 ቃል ነበር፣ ክፉ ወሬም ተመርምሮ እንዲቀር ይደረግ ነበር። መርከበኛው መልስ መላክ አይችልም፤ ማንኛውም ምልክት ቦታውን ይገልጣልና።

ሽንት ቤቱን የማነሣው ለቀልድ አይደለም። ጥልቀት ላይ ያለ መርከብ ከሰውነት የሚወጣውን ወደ ባሕር ለመጣል ከባሕሩ ግፊት የሚበልጥ ግፊት ያስፈልገዋል። ብዙ መርከቦች ቆሻሻውን በታንክ ሰብስበው በታመቀ አየር ያባርሩታል፤ በዚያን ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተሰቅሎ ሳለ ቫልቭ የከፈተ ሰው የታንኩ ይዘት ፊቱ ላይ ይመጣል። የጀርመኑ ሰርጓጅ ዩ-1206 በጥልቀት የሚሠራ አዲስ ዓይነት ሽንት ቤት ነበረው፤ ቫልቮቹ በቅደም ተከተል ካልተከፈቱና ካልተዘጉ ባሕሩን ወደ ውስጥ ያስገባሉ። ኤፕሪል 14 ቀን 1945 በስኮትላንድ ዳርቻ በ60 ሜትር ገደማ ላይ ሳለ ውኃው በሽንት ቤቱ በኩል ገባ፣ ከሥሩ ያለውን ባትሪ ነካ፣ ክሎሪን ተነሣ። ወደ ላይ ለመውጣት ተገደዱ፣ አውሮፕላን አገኛቸው፣ መርከቡንም ራሳቸው አሰጠሙት። አራት ሰዎች ሞቱ።

ስለ ጥልቀት አንድ ሒሳብ ብቻ ልስጥ። በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል። 300 ሜትር ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቧንቧ ቢሰበር በደቂቃ ከ5 ቶን የሚበልጥ ውኃ ይገባል። ፊልም ውስጥ ሁለት ሰው በትከሻቸው ሰሌዳ ገፍተው ይደፍኑታል፤ ያቺን ቀዳዳ የሚገፋው ኃይል ግን 600 ኪሎ ያህል ነው። ውኃው ክፍሉን በጉም ስለሚሞላው ቀዳዳው የት እንዳለ አይታይም፣ ከጩኸቱ የተነሣም ትእዛዝ አይሰማም። ትክክለኛው ሥራ ወደ ቀዳዳው መሮጥ ሳይሆን ከባሕር ጋር የሚያገናኙትን ቫልቮች መዝጋት፣ ፍጥነት ጨምሮ አፍንጫን ወደ ላይ ማቅናት፣ የባላስት ታንኮቹን በታመቀ አየር መንፋት ነው። ኤፕሪል 10 ቀን 1963 የአሜሪካው «ትሬሸር» ከ129 ሰው ጋር የጠፋው እዚህ ላይ ነው። የምርመራው ግምት የአንድ ቧንቧ መጋጠሚያ አፍስሶ ኤሌክትሪክ አበላሸ፣ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫው ሪአክተርም ቆመ የሚል ነው። ታንኮቹን ለመንፋት ሲሞክሩ በታመቀው አየር ውስጥ የነበረው እርጥበት በወንፊቶቹ ላይ በረዶ ሆኖ መንገዱን ዘጋው። ከዚያ በኋላ የመጣው የአሜሪካ የሰርጓጅ ደኅንነት ፕሮግራም እያንዳንዱን መጋጠሚያ በሰነድ ያስመዘግባል።

በፊልም ቀፎው ሲጨመቅ ብሎን እንደ ጥይት ይፈናጠራል። የዓይነት ሰባት ቀፎ በብየዳ የተያያዘ ነው፤ ማንጓጓቱ ግን እውነት ነው። ቀድሞ የሚበላሸው ቀፎው ሳይሆን የመለኪያ መስታወት፣ የቫልቭና የፕሮፔለር ዘንግ ማሸጊያ ነው። ሰርጓጅ አዳኝ መርከብ ወደ ውኃው የሚጥለው የጥልቀት ቦምብም ቢሆን ከ10 ሜትር ባነሰ ርቀት ካልፈነዳ ቀፎ መብሳት ይከብደዋል። አጃቢው መርከብ ሲቃረብ ሶናሩ ሰርጓጁን ይስታል፣ ቦምቡም እስኪሰምጥ ብዙ ሴኮንድ ይወስዳል፣ ሰርጓጁ በዚያች ጊዜ ይታጠፋል። አደኑ ለሰዓታት የሚዘልቀው ስለዚህ ነው።

ወደ ፊልሞቹ ልመለስ። በእኔ ግምት በ1981 የወጣውን «ዳስ ቦት» የሚያህል የለም። ውስጡ በሙሉ ልኩ ተሠርቶ በሚያዘነብል መሣሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ካሜራው በጠባቡ መተላለፊያ ከሰዎቹ ጋር ይሮጣል፤ ተዋናዮቹ እንዲገረጡ ከፀሐይ ተከልክለው ነበር። ፊልሙ የሚተርክለት የጀርመን ሰርጓጅ ዩ-96 እውነተኛ አዛዥ የነበረው ሃይንሪች ሌማን-ቪለንብሮክ በአማካሪነት ሠርቷል። ስልቹነቱ፣ እድፉ፣ የሻገተው ዳቦ፣ የቀናት ማዕበል ሁሉ አሉበት። ይሁን እንጂ መጽሐፉን የጻፈው ሰው ራሱ በፊልሙ ጩኸት በዝቷል ብሎ ተቃውሟል። መጨረሻውም ልብ ወለድ ነው፤ እውነተኛው ዩ-96 የሰመጠው በማርች 1945 ቪልሄልምስሃቨን ወደብ ላይ በአየር ድብደባ ነው። ከ40,000 ገደማ የጀርመን ሰርጓጅ መርከበኞች 30,000 ያህሉ አልተመለሱም፤ ፊልሙ ይህን ቁጥር በመጀመሪያው አስቀምጦታልና ትክክል አድርጓል።

የ2000 ዓመቱ «ዩ-571» በሌላው ጫፍ ነው። አሜሪካውያን ጀርመኖች መልእክታቸውን በምስጢር የሚጽፉበትን የኢኒግማ መሣሪያ ሲይዙ ያሳያል። ሜይ 9 ቀን 1941 የጀርመኑን ሰርጓጅ ዩ-110ን የያዙት የጦር መርከቡ የ«ቡልዶግ» ብሪታኒያውያን ናቸው፤ አሜሪካ ወደ ጦርነቱ የገባችው ከሰባት ወር በኋላ ነው። ኦክቶበር 30 ቀን 1942 ደግሞ ቶኒ ፋሶንና ኮሊን ግሬዚየር የተባሉ ብሪታኒያውያን ከሚሰምጠው ዩ-559 ውስጥ የምስጢር ሰነድ እያወጡ አብረውት ሰጠሙ። እውነተኛው ዩ-571 ፈጽሞ አልተማረከም፤ በጃንዋሪ 1944 በአውሮፕላን ተመትቶ ከሰዎቹ ሁሉ ጋር ጠፍቷል። የሁለቱን ሰዎች ሞት ለሌላ አገር ሰው መስጠት በደል ነው። ይህ ፊልም በዓምዳችሁ ያለ ማስታወሻ «እውነተኛ ታሪክ» ሊባል አይገባውም።

የ«ሬድ ኦክቶበር» ሰፊ ክፍሎች እንደሚታሰበው ፈጽሞ ውሸት አይደሉም፤ የፊልሙ መርከብ የተመሰለበት የሶቪየቱ ታይፉን ሰርጓጅ 175 ሜትር ርዝመት ነበረው፣ ሳውናና ትንሽ የመዋኛ ገንዳም ነበሩት። በፊልሙ የሚታየው ድምፅ አልባው የማግኔት ሞተር ግን አልሠራም፤ በ1992 በጃፓን የተሞከረችው «ያማቶ 1» በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ሄዳለች፣ የባሕር ውኃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ደካማ ነውና።

ስለ ሶቪየቱ ኒውክሌር ሰርጓጅ የተሠራው የ2002ቱ «ኬ-19» ልብ ይነካል፤ መሠረቱም እውነት ነው። ጁላይ 4 ቀን 1961 የሪአክተሩ ማቀዝቀዣ ቧንቧ አፈሰሰ፣ መጠባበቂያ ማቀዝቀዣ አልነበረውም፣ መርከበኞቹ ቧንቧ በየዱ፤ የለበሱት የዝናብ ልብስና የጋዝ ጭንብል ብቻ ነበር። ስምንቱ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሞቱ። የተረፉት ግን የፊልሙ ጽሑፍ ሰካራምና ዝርክርክ አድርጎናል ብለው በግልጽ ተቃውመዋል፤ ቃላቸው ሊሰማ ይገባል።

የመጨረሻው ጉዳይ ማምለጥ ነው። ፊልም ውስጥ ሰው ክዳን ከፍቶ ይዋኛል። 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ክዳን 10 ሜትር ላይ እንኳ 3 ቶን የሚጠጋ ውኃ ተጭኖታል፤ ክፍሉ መጀመሪያ በውኃ ተሞልቶ ግፊቱ ካልተስተካከለ አይከፈትም። ዘመናዊው የማምለጫ ልብስ እስከ 180 ሜትር ያገለግላል። ከዚያ በታች የሚጠበቀው የማዳኛ መርከብ ነው። በሜይ 1939 የአሜሪካው ሰርጓጅ «ስኳለስ» 74 ሜትር ላይ ሲተኛ 33 ሰዎች በማዳኛ ደወል፣ ከላይ በሚወርድ የታሸገ የብረት ክፍል፣ በአራት ዙር ወጡ፤ 26ቱ ጎርፍ በገባባቸው ክፍሎች ቀሩ። በጃንዋሪ 1950 ከብሪታኒያው «ትሩኩለንት» አብዛኞቹ ወደ ላይ መውጣት ችለው ነበር፤ ያለቁት በክረምቱ የቴምዝ አፍ ውኃ ብርድ ነው፣ ሙታኑ 64 ናቸው። የአርጀንቲናው «ሳን ሁዋን» ግን በኖቬምበር 2017 ከ44 ሰዎች ጋር ጠፍቶ ከአንድ ዓመት በኋላ በ907 ሜትር ላይ ተጨምድዶ ተገኘ። በዚያ ጥልቀት ልብሱም ደወሉም የሚሠራው የለም።

ዓምዳችሁ ወደፊት እንዲህ ያለ ፊልም ሲጠቁም ከርእሱ ሥር ሁለት መስመር እንዲጨምር እጠይቃለሁ፦ እውነተኛው መርከብ የትኛው እንደሆነና መቼና ምን እንደደረሰበት፣ በፊልሙ ውስጥ የተለወጠው ደግሞ ምን እንደሆነ። ለ«ዩ-571» ጥቆማ የፋሶንና የግሬዚየር ስም በሚቀጥለው እትም እንዲወጣ በአክብሮት አመለክታለሁ።

የጋዜጣችሁ አንባቢ